የማምነው ነገር ስንቱ ከወንጌል፣ ስንቱ ካደግኩበት ባህል? በምን ይለያል?

ጥናት_መሪ
ሰላም ለሁላችሁ። አሥር ሰው ገደማ ያለበት የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ቡድን እመራለሁ። የሚቀጥለው የስድስት ሳምንት ርዕሳችን አካባቢያችን በእምነታችን ላይ ያለው ተጽዕኖ ነው። ይህ ርዕስ በተነሳ ቁጥር ሰው ሁለት ቦታ ይከፈላል። አንዱ ወገን «ባህል» ሲባል የሚታየው ጣዖትና የዓለም ምኞት ብቻ ስለሆነ ሮሜ 12፥2ን («ይህን ዓለም አትምሰሉ») ጠቅሶ በሩን ይዘጋዋል። ሌላው ደግሞ «ጳውሎስም የዘመኑ ሰው ነበር» እያለ ያልተመቸውን ትእዛዝ ሁሉ ወደ ጎን ይገፋል። በሁለቱም በኩል ውይይት የሚባል ነገር አይኖርም።

የምፈልገው ስብከት አይደለም፣ አሠራር ነው። አንድ አቋም ከቅዱሳት መጻሕፍት የመጣ ይሁን ከአካባቢ የተወረሰ፣ ሰዎች ተረጋግተው የሚመረምሩበት መንገድ ካለ ደረጃ በደረጃ ንገሩኝ። ነገሩ የቱ ጋ እንደሚበላሽም ጨምሩልኝ።

ቀለም_ቀንድ
አሠራሩ አለ፣ ከባድም አይደለም። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ገጽ ወረቀት ስጠውና በአራት ዓምድ ያስምረው።

አንደኛው ዓምድ ላይ አቋሙ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሆኖ ይጻፍ። «ሙዚቃ» ብሎ መጻፍ አይበቃም፤ «በአምልኮ ላይ የኤሌክትሪክ ጊታር መግባት የለበትም» መባል አለበት። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይንገዳገዳል፤ ለዓመታት የተሟገተበትን ነገር በአንድ መስመር ጻፍ ሲባል ይጠፋበታል። ይህ በራሱ አንድ ነገር ይነግርሃል።

ሁለተኛው የጥቅሱ ዓምድ ነው፦ ምዕራፍና ቁጥር። ጥቅሱ ከፊቱም ከኋላውም ካለው አሥር አሥር ቁጥር ጋር ይነበብ።

ሦስተኛው ርቀት ነው፤ ከጥቅሱ እስከ አቋሙ ስንት እርምጃ አለ? «ሀ» ማለት ቃሉ ራሱ ብሎታል፣ «ለ» ማለት በአንድ እርምጃ ይደረስበታል፣ «ሐ» ማለት የጥንቃቄ ምክር ነው፣ «መ» ማለት ልማድ ነው። ለምሳሌ «አትስረቅ» ሀ ነው። ፈተና ላይ አለመኮረጅ ለ ነው። ከሚኮርጅ ልጅ አጠገብ አለመቀመጥ ሐ ነው። የሚኮርጅ ልጅ ያለበትን ቤተሰብ ሰላም አለማለት መ ነው፤ ወይም ከዚያም የባሰ። ዶግማና ቀኖና (የማይለወጥ የእምነት ትምህርትና ሊሻሻል የሚችል ሥርዓት) የሚለውን ልዩነት የለመደ ሰው ይህን ቶሎ ይይዘዋል፤ እዚህ የሚጨመረው ቀኖናም ያልሆነውን ልማድ ለብቻው ማስቀመጥ ነው።

አራተኛው ዓምድ ላይ የሚጻፈው፦ በዚህ አቋም ማን ይጠቀማል? ማን ይከፍላል? ይህን ያለ ምክንያት አላስገባሁትም። ማርቆስ 7፥9–13 ተመልከት። ንብረቱን «ቁርባን ነው» ብሎ ለእግዚአብሔር የተሳለ ሰው አባትና እናቱን ከመርዳት ነፃ ይሆን ነበር። ሥርዓቱ ሲያዩት ከትእዛዙ የበለጠ መንፈሳዊ ይመስላል፤ ስለት ነው፣ ለእግዚአብሔር የተለየ ነው። ከሦስቱ ዓምዶች በአንዱም ላይያዝ ይችል ነበር፤ ለስለት የሚጠቀስ ጥቅስ ሞልቷልና። የሚያጋልጠው አራተኛው ነው፦ ከፋዮቹ ያረጁ ወላጆች ናቸው።

የሚበላሽባቸው ቦታዎች፦

ሰው አቋሙን ይጽፍና ከዚያ በኋላ ጥቅስ ፍለጋ ይወጣል። መድኃኒቱ ወረቀት መለዋወጥ ነው። ጎረቤቱ አንደኛውን ዓምድ ሸፍኖ ጥቅሱን ብቻ ያንብብና ምን እንደሚያስተምር ይናገር። የተናገረው ከተሸፈነው ጋር ካልገጠመ ጥቅሱ ተጎትቶ የመጣ ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት ትኩስ ርዕስ ካነሳህ ያከተመ ነገር ነው፤ ማንም የማይቆጣበትን ምረጥ። በአንድ ሰዓት ተኩል ከሦስት አቋም በላይ አታስገባ። «መ» የተባለ ሁሉ ይጣል ማለት እንዳልሆነም ከመጀመሪያው ተናገር፤ ልማድ ኃጢአት አይደለም፣ ኃጢአት የሚሆነው እንደ ትእዛዝ ሲጫን ነው።

ብራና
የቀለም_ቀንድ ወረቀት ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የሚይዘው ሰው አውጥቶ ሊናገረው የሚችለውን አቋም ብቻ ነው። ትልቁ የባህል ሥራ የሚሠራው ከዚያ በፊት፣ ገና ስናነብ ነው።

ማርክ አላን ፓወል የተባለ አሜሪካዊ የአዲስ ኪዳን ምሁር ሰዎችን የጠፋውን ልጅ ታሪክ (ሉቃስ 15፥11–32) እንዲያነቡና መጽሐፉን ዘግተው በቃላቸው እንዲናገሩ አደረገ። ከ100 አሜሪካውያን መካከል «በዚያች አገር ጽኑ ራብ ሆነ» የሚለውን የጠቀሱት 6 ብቻ ነበሩ። በሩሲያ ሴንት ፒተርስበርግ ከ50 ሰዎች 42ቱ ራቡን ጠቀሱ። ያቺ ከተማ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1941 እስከ 1944 ተከብባ ሕዝቧ በራብ ያለቀባት መሆኗን ማስታወስ ነው። በታንዛኒያ ደግሞ ልጁ ለምን ተቸገረ ሲባሉ ብዙዎቹ «የሚሰጠው ስላጣ» አሉ።

ቁጥር 13 ገንዘቡን በተነ ይላል፣ ቁጥር 14 ራብ ሆነ ይላል፣ ቁጥር 16 የሚሰጠውም አልነበረም ይላል። ሦስቱም ጽሑፉ ላይ አሉ። ከሦስቱ አንባቢዎች አንዳቸውም ከራሳቸው አልጨመሩም፤ ግን እያንዳንዱ የዘለለው ነገር አለ። በዘለለው ልክ ደግሞ ትምህርቱ ይለወጣል፦ ለአንዱ ኃጢአቱ ማባከን ነው፣ ለሌላው አለኝታ ያለውን ቤት ጥሎ መውጣት ነው፣ ለሦስተኛው እንግዳውን ያላበላው ማኅበረሰብ ነው። ስለዚህ ለቡድንህ «ያልተጻፈ ምን ጨምረናል?» ከምትል «የተጻፈ ምን ዘለልን?» ብትል ይሻላል።

ይህን በ40 ደቂቃ ልትሠሩት ትችላላችሁ። ሰዎቹን ሁለት ሁለት አድርግ። ሁለቱም ክፍሉን በዝምታ ያንብቡ፣ አንዱ መጽሐፉን ዘግቶ ይናገር፣ ሌላው መጽሐፉን ከፍቶ የተዘለለውን ቁጥር ምልክት ያድርግ። ተናጋሪው እንዳይታረም፤ ማረም ከተጀመረ ፈተና ይሆንና ሰው ይጠነቀቃል፣ ውጤቱም ይበላሻል። ከዚያ በሌላ ክፍል ተራ ይቀያየሩ፤ ሉቃስ 12፥13–21 ይመቻል፤ የሞኙ ባለጠጋ ምሳሌ የተነገረው ሁለት ወንድማማቾች በርስት ክርክር ላይ እያሉ ነው፣ እሱ መግቢያ ይቀራል ወይስ ይነገራል? መጨረሻ ላይ የሁሉንም ምልክት በአንድ ሰሌዳ ላይ ሰብስብ። አንድ ሰው ብቻ የዘለለው ነገር የመርሳት ጉዳይ ነው። ሁሉም የዘለሉት ግን የጋራ ዓይናችሁ የማያየው ነው።

ሰዎቹ በዕድሜ፣ በኑሮና በሥራ አንድ ዓይነት ከሆኑ ልምምዱ ግማሽ ዋጋውን ያጣል፤ አብረው ስለሚዘሉ የሚያይ አይኖርም። ሁለት ሦስት ከሌላ አጥቢያ ወይም ከሌላ ትውልድ ጋብዝ።

የግል ስኬት በሚከበርበት አካባቢ የምትኖሩ ከሆነ ኤርምያስ 29፥11ንና (የሰላም ሐሳብና የተስፋ ቃል) ፊልጵስዩስ 4፥13ን («ኃይልን በሚሰጠኝ በክርስቶስ ሁሉን እችላለሁ») ጨምሩበት። የመጀመሪያው በባቢሎን ላሉ ምርኮኞች በደብዳቤ የተጻፈ ነው፤ ከላዩ ያለው ቁጥር 10 ሰባ ዓመት ስለሚል ደብዳቤው ሲነበብ ከነበሩት ብዙዎቹ ፍጻሜውን የማያዩት ተስፋ ነው። ሁለተኛው ከላዩ ባለው ቁጥር መጥገብንም መራብንም ስለ መማር ይናገራል። ሁለቱ ጥቅሶች ግድግዳ ላይ ሲሰቀሉ የሚቀሩት እነዚያ ጎረቤቶቻቸው ናቸው።

ተሟጋች
ሁለታችሁም የግለሰብ አንባቢን ነው የምታዩት። ባህል ግን በጉባኤ ውሳኔ፣ በቃለ ጉባኤ ተመዝግቦም ይገባል። በደንብ የተመዘገበ አንድ ምሳሌ ላንሳ፤ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በደቡብ አፍሪካ የኬፕ ደች ሪፎርምድ ቤተ ክርስቲያን (ከሆላንድ የመጡ ሰፋሪዎች የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን) ሲኖዶስ በ1829 የጌታ እራት ያለ ቀለም ልዩነት ለሁሉም አባል አብሮ እንዲሰጥ ወሰነ። በ1857 ያው ሲኖዶስ ጉዳዩን እንደገና አየው። ነጭ ካልሆነው ሕዝብ መካከል ያመኑት በነባሮቹ ጉባኤዎች ውስጥ አብረው ቢሆኑ የሚመረጥና ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋር የሚስማማ መሆኑን ራሱ ተናግሮ፣ ነገር ግን «በአንዳንዶች ድካም ምክንያት» ይህ እንቅፋት በሚሆንበት ቦታ ለብቻቸው ያምልኩ አለ። ልብ በሉ፤ ውሳኔው ራሱ ከቃሉ ጋር እንደማይሄድ ያውቃል። በ1881 ነጭ ላልሆኑ ምእመናን ለብቻዋ የቆመች የሚስዮን ቤተ ክርስቲያን ተመሠረተች። ሰውን በዘር የሚለያየው አፓርታይድ በ1948 የመንግሥት ፖሊሲ ሲሆን ደግሞ የባቢሎን ግንብ (ዘፍጥረት 11) እና «የመኖሪያቸውን ዳርቻ» የሚለው የሐዋርያት ሥራ 17፥26 እየተጠቀሱ መለያየቱ የፈጣሪ ፈቃድ ተደርጎ ይሰበክ ነበር።

ሦስት ደረጃ ነው ያለው። መጀመሪያ ቃሉን ሳይክዱ «ለአሁኑ» የሚደረግ ማስተዛዘኛ ይመጣል። ቀጥሎ ማስተዛዘኛው ሕንፃ፣ በጀት፣ አገልጋይና ማኅተም ያበጃል። በመጨረሻ ለተሠራው ቤት ጥቅስ ይፈለግለታል። ጥቅሱ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ስለሆነ፣ ትምህርቱን ብቻ ይዞ የሚከራከር ሰው ዘግይቷል፤ መመርመር ያለበት የመጀመሪያው ማስተዛዘኛ ነው። የቡድንህ አባላት ያሉበትን ማኅበር አሠራር ሲያጠኑ «ይህ የተጀመረው መቼ ነው? ያኔ የተሰጠው ምክንያት ምን ነበር? አሁን የሚሰጠውስ?» ይበሉ። ሁለቱ ምክንያቶች ከተለያዩ ወለሉን ቆፍሩት።

«ድካም» የሚለውንም ተመልከቱ። በሮሜ 14 ደካማ የተባለው ሕሊናው የሚከብደው፣ ሌሎች የሚንቁት ሰው ነው። በ1857 ግን ደካማ ተብለው የተባበሉት መሬቱም ሥልጣኑም በእጃቸው የነበረው ናቸው። የቀለም_ቀንድ አራተኛ ዓምድ እዚህ በደንብ ይሠራል። ይህን ከውስጥ የሰበሩት ከፋዮቹ ራሳቸው ነበሩ፦ ያቺው የሚስዮን ቤተ ክርስቲያን በ1982 በዘር መለያየትን የሚቃወመውን የቤልሃርን የእምነት መግለጫ አረቀቀች፣ በ1986 አጸደቀችው። በ1982 በኦታዋ የተሰበሰበው የዓለም ሪፎርምድ አብያተ ክርስቲያናት ኅብረትም ለአፓርታይድ የሚሰጠውን ሃይማኖታዊ ድጋፍ ኑፋቄ ብሎታል።

ተቃዋሚ መሆንም ዋስትና አይደለም። በግንቦት 1934 የተፈረመው የጀርመኑ የባርመን መግለጫ የናዚ አስተሳሰብ ቤተ ክርስቲያንን እንዳይገዛ በድፍረት ተከላክሏል። ስለ አይሁድ መሳደድ ግን አንድ ቃል የለበትም።

አዲስ_ገጽ
ተሟጋች ያለው እውነት ነው፣ ነገር ግን በዚህ ብቻ ከቀረን ጥናቱ «ባህልን ማደን» ይሆናል። ወንጌል ያለ ባህል የሚኖርበት ቦታ የለም፤ ኢየሱስም በአንድ ሕዝብ መካከል፣ በአንድ ቋንቋ ነው ያስተማረው። በመጀመሪያው ጉባኤ (የሐዋርያት ሥራ 15) የተወሰነውም አሕዛብ ለመዳን አይሁዳዊ መሆን አያስፈልጋቸውም የሚል ነው። ግዝረት ቀረ፤ ለጣዖት ከተሠዋ፣ ከዝሙት፣ ከታነቀና ከደም እንዲርቁ ተነገራቸው። ከዚያ ወዲያው በምዕራፍ 16 ጳውሎስ ጢሞቴዎስን ገረዘው! ቲቶን ግን አልገረዘውም (ገላትያ 2፥3–5)። የጢሞቴዎስ ለአገልግሎት መንገድ መክፈቻ ነው፤ ቲቶ ላይ የተጠየቀው እንደ መዳን ቅድመ ሁኔታ ነው። ድርጊቱ አንድ ሆኖ ፍርዱ ሁለት ነው።

ለቡድንህ አንድ ሙሉ ሳምንት ሊሰጠው የሚገባው ግን 1ኛ ቆሮንቶስ 8–10 ነው። ሥጋው አንድ ነው፣ ቦታው ሦስት። በጣዖቱ ማዕድ ላይ ከሆነ አይበላም (10፥14–22)፤ እዚያ መብላት ኅብረት ነው። ከሥጋ ገበያ ከሆነ ሳትጠይቅ ብላ (10፥25)። ያላመነ ሰው ቤቱ ጋብዞህ ከሆነም ሳትጠይቅ ብላ፤ ግን አንድ ሰው «ይህ ለጣዖት የተሠዋ ነው» ካለህ ተው፣ የምትተወውም ስለ ራስህ ሕሊና ሳይሆን ስለ ነገረህ ሰው ሕሊና ነው (10፥27–29)። ሦስቱን በሦስት ካርድ ጽፈህ፣ ጥቅሱን ሳትነግራቸው ለሦስት ንዑስ ቡድን ስጥ፣ ይፍረዱ። አብዛኛውን ጊዜ ሰው ሥጋውን ይፈርዳል፤ ጳውሎስ የሚፈርደው ድርጊቱ በዚያ ቦታ ለሚያዩት ሰዎች የሚሰጠውን ትርጉም ነው።

ስለዚህ ከፍርድ በፊት ጥናት ይቀድማል። ፖል ሂበርት የተባለ የሚስዮን አንትሮፖሎጂ ምሁር በ1980ዎቹ ያቀረበው ቅደም ተከተል አሁንም ይሠራል፦ መጀመሪያ ድርጊቱን ከሚፈጽሙት ሰዎች ሳይፈርዱ ጠይቆ ማወቅ፣ ቀጥሎ ቃሉ በጉዳዩ ላይ የሚለውን ማጥናት፣ ከዚያ ሕዝቡ ራሱ እንዲመዝን ማድረግ፣ በመጨረሻ የሚቀጥለውን፣ የሚቀረፈውንና የሚተካውን መወሰን። የሚበላሸው መሪው ሦስተኛውን ደረጃ ነጥቆ ለብቻው ሲፈርድ ነው። ያልተመከረበት ነገር ሲከለከል አይጠፋም፣ ተደብቆ ይቀጥላል። ያልተመረመረ ነገር ሲፈቀድ ደግሞ ቅልቅል ይሆናል።

ትርጉሙን ማን ይናገራል የሚለው ቀላል ጥያቄ እንዳይመስላችሁ። በቻይና ለሙታን አባቶች የሚሰጠው ክብር አምልኮ ነው ወይስ የልጅነት አክብሮት? በ1583 የገባው ኢየሱሳዊው ማቴዎ ሪቺ ክብር ነው ብሎ ፈቀደ፤ ሌሎች ሚስዮናውያን አምልኮ ነው አሉ። ሮም በ1704፣ በ1715ና በ1742 ከለከለች፣ በ1939 ደግሞ አላላችው። ክልከላው የጸናው ሁለት መቶ ዓመት ያህል ነው።

ጥናት_መሪ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ከጠበቅሁት በላይ ነው። ሁለት ነገር ቀረኝ። አንድ፣ አቋሙ «መ» ሆኖ ሲገኝ ሰውየው ምን ያድርግ? ሁለት፣ ወጣቶቹ «እኛ የሽማግሌዎቹን ባህል ስለጣልን ነፃ ነን» ይላሉ። ለእነሱ ምን ይባላል?

ብራና
ለሁለተኛው፦ መቃወምም ባህል ነው። አንድ ትውልድ ሌላውን እያየ በተቃራኒው ከቆመ፣ የቆመበትን ቦታ የመረጠለት ያው የሚቃወመው ነው። በክርክር ግን አታሸንፋቸውም። እያንዳንዱ በአቋሙ ሥር «ይህን ሐሳቤን ብለውጥ የማፍረው ማን ፊት ነው?» ለሚለው መልስ ይጻፍ። ሽማግሌው ምናልባት ቤተ ዘመድ ወይም ማኅበር ይጽፋል፣ ወጣቱ ጓደኞቹን ወይም ስልኩ ላይ የሚከተላቸውን። ስሙ የተጻፈው አካል ነው አቋሙን የሚጠብቀው። ይህ ወረቀት ጮክ ተብሎ አይነበብም፣ አይሰበሰብምም። ይሰበሰባል ከተባለ ሁሉም «እግዚአብሔር ፊት» ብሎ ይጽፋል።

ቀለም_ቀንድ
ለአንደኛው፦ ወዲያው አይጣል። ድርጊቱን ይቀጥልበት፣ ከሌላው መጠየቁን ግን ያቁም። «ይህን የማያደርግ ክርስቲያን አይደለም» የሚለው ዓረፍተ ነገር «እኔ ይህን አደርጋለሁ» ይሁን። ድርጊቱ ሰው የሚያስከፍል ከሆነ፣ ማለትም አራተኛው ዓምድ ላይ የተጎጂ ስም ካለ፣ ያ ግን ቀጠሮ የለውም፤ ልማድ ቢሆንም ይቁምና ከተጎዳው ሰው ጋር ይነጋገሩበት።

ወረቀቱ ላይ «መ» ነው ብሎ በአእምሮው የተቀበለ፣ ሕሊናው ግን ገና ያልተፈታ ሰው ይኖራል። እሱን አታስገድደው፣ በቡድኑ ፊትም አትፈትነው። ሮሜ 14፥23 እየተጠራጠረ የሚበላው ይኮነናል ይላል፤ የሚበላው ነገር ንጹሕ ሆኖ ሳለ። ከስድስተኛው ሳምንት በኋላ ለብቻው አግኘው።